ለትርፌ ዋስ የጠፋ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በጋ በገባ ቁጥር ከአንድ ምንጭ በሚጠጡበት ዘመን፣ እመት አህያ የምትባል የሙት ልጆች አሳዳጊ ነበረች። መቼስ አህያ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። ሳቁ፣ ምን ቸገረኝ! ነገር ግን እናቱ የሞተችበት ግልገል በተገኘ ቁጥር ዝሆኑም ጎሹም ይዞት የሚመጣው ወደ እሷ ነበር። «አደራ፣ እመት አህያ!» ይላሉ፤ ልጁን በእሾህ በታጠረው በረቷ ውስጥ ያስቀምጡና ዘወር ይላሉ። «አደራ» ያለው አፍ በማግስቱ ተመልሶ «ልጁ እንዴት አደረ?» ሲል ግን ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

ከነዚህ የአደራ ልጆች አንዷ ሚዳቋ ነበረች። እናቷ በበጋ የሣር ቃጠሎ ሞታ፣ እሷ ብቻዋን ከአመዱ ዳር ተርፋ ስለተገኘች እመት አህያ «ትርፌ» ብላ ስም አወጣችላት።

ይህች ትርፌ የጥያቄ ጎተራ ነበረች። «እምዬ፣ ጉንዳን ሁሉ ተሰልፎ የት ነው የሚሄደው?» ትላለች። «እምዬ፣ ጨረቃን ማን ገመጣት?» ትላለች። «ኤሊ ቤቷን ተሸክማ እየዞረች ለምንድን ነው ቤት ናፈቀኝ የምትለው?» ትላለች። እመት አህያም የምታውቀውን እየመለሰች፣ የማታውቀውን እየፈጠረች ትውላለች። አንዱን ጥያቄ ብቻ ሁልጊዜ ትሸሸው ነበር።

«እምዬ፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከጀርባዬ።»

«ከጀርባሽ በፊትስ?»

«ከቅሉ።»

«ከቅሉ በፊትስ?»

«ዝም ብለሽ ጠጪ! ልጅ ጥያቄ ሲያበዛ ጆሮው ይረዝማል።»

ትርፌ የእመት አህያን ጆሮ ሽቅብ አየችና «አንቺም ልጅ ሆነሽ ብዙ ትጠይቂ ነበር ማለት ነው?» አለቻት።

እመት አህያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ግን አልመለሰችላትም። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በአያ ጅቦ ዋሻ በኩል ያልፋል። እመት አህያ ግራና ቀኝ ሁለት ቅል አንጠልጥላ፣ ልቧ እየደለቀ፣ በየቀኑ ያንን መንገድ ብቻዋን ትወርዳለች፣ ትወጣለች። «ልጆቼ የጅብ ፊት ከሚያዩ የእኔ ወገብ ይቆረጥ» ትል ነበር። ስለዚህ በረቱ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ ጥሩውን ሣር ከመርዙ ይለያል፣ ሩጫ ያውቃል፣ ታላላቆቹን ያከብራል፤ ምንጩን ግን አይቶት አያውቅም። ፍቅር ነው ይህን ያደረገው፤ ሌላ ነገር አይደለም።

መስከረም ሲጠባ የደረሰ ልጅ ከበረት ይሸኛል። ሕጉ የአያ አንበሶ ሕግ ነው። የተሸኘው ልጅ ደጁን ሲያልፍ በሩ ላይ የግራር እሾህ ይከመርበታል፤ ተመልሶ መምጣት ነውር ነው፣ ሄዶ መጠየቅም ነውር ነው። «ከኋላው እሾህ ያለበት ወደ ፊት ይሄዳል» ይሉ ነበር አባቶች። ከዓመት በፊት ውቤ የሚባል አንድ ድኩላ በዚሁ ወግ ተሸኝቶ ነበር። ለስላሳ፣ አንገተ ቀጭን፣ ከትርፌ ጋር አብሮ አደግ።

«ውቤ አሁን እንዴት ይሆን?» ትላለች ትርፌ።

«ተመችቶታል» ትላለች እመት አህያ።

«በምን አወቅሽ?»

«አልተመለሰማ! የከፋው ይመለሳል፤ ያልተመለሰ ጠግቦ ነው።»

«ሄደሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ነውር አይደለም እንዴ! ተይ አንቺ ልጅ።»

እንግዲህ የትርፌም ተራ ደረሰ። የአደይ አበባ በፈነዳበት ማለዳ፣ ሽማግሌዎች ሁሉ በበረቱ ደጅ ተሰበሰቡ። አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገና «ልጄ፣ ራስሽን ቻይ!» አለ። ሁሉም «አሜን!» አሉ። ጦጢት ተነሥታ «ጠንክሪ፣ ራስሽን ቻይ!» አለች። ኤሊ ቀስ ብላ እስክትነሣ ተጠበቀችና «ደህና አውሬ ሁኚ፣ ራስሽን ቻይ!» ብላ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ደህና አውሬ ሁኚ ማለት እኛ ጋ «ሰው ሁኚ» እንደማለት ነው። ምርቃቱ ለጉድ ዘነበ።

ትርፌ ምርቃቱ ሲያበቃ «አሜን። እሺ፣ እንዴት ነው የሚቻለው?» አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የት ነው የማድረው? ዝናቡ ሲያልቅ ምን እጠጣለሁ? ቢያመኝ ማንን እጠራለሁ? መንገድ ላይ ‹ማነሽ› ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

የግራ ጆሮዋ እጥፍ ብላ ነበር። እመት አህያ ያንን ጆሮ አየችው። አይታም ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። «ትደርሺበታለሽ፣ የኔ ልጅ። ሁሉም ይደርስበታል» አለቻት፤ ሳመቻት፤ ትርፌ ደጁን እንዳለፈች እሾሁን በአፏ ጎትታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ከአጥሩ ጀርባ ቆማ ያለቀሰችውን ማንም አላየም። ማልቀስም ነውር ነበራ!

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለትርፌ ተረት ተረት መሰላት። ሣሩ ለምለም፣ በየጎድጓዳው የክረምት ውሃ፣ ሲመሽ ከቁጥቋጦ ሥር እጥፍ ብሎ መተኛት። «ራስን መቻል ይኼው ነው እንዴ? ታዲያ ሽማግሌዎቹ ምን አስጨነቃቸው?» አለች። ለካስ መስከረም ለሁሉም ቸር ነው!

ኅዳር ገባ። ኩሬው ጭቃ ሆነ፣ ጭቃው ደረቀ፣ የደረቀው ተሰነጣጠቀ። ትርፌ ማለዳ ማለዳ ከሣር ላይ ጤዛ መላስ ጀመረች፤ ጤዛ ደግሞ ጥምን ያስታውሳል እንጂ አይቆርጥም። ያን ጊዜ የድሮ ጥያቄዋ መጣባት። ውሃው ከቅሉ በፊት የት ነበር? ስታስብ ሰነበተች፤ በመጨረሻም ዋኔዎች፣ እነዚያ የዱር እርግቦች፣ ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲበሩ አየችና «እነዚህ ምን ፈልገው ነው?» ብላ ተከተለቻቸው። ዋኔዎቹ ገደሉን ወርደው፣ ከትልቅ ሾላ ሥር ጠፉ። እዚያ ስትደርስ አገር ምድሩ ተሰልፏል። ከሾላው ሥር ጥርት ያለ ውሃ ይንቆረቆራል። ትርፌ ቅል የሌለበት ውሃ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበርና አፏን ከፍታ ቀረች።

«ቁሚ!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። የምንጩ ጠባቂ አያ ከርከሮ ነበር፤ ሁለት ጥርሶቹ ወደ ላይ እንደ ማጭድ የቆለመሙ፣ ሕግ የሚወድ ሽማግሌ። «የማን ነሽ?»

«የእመት አህያ ነበርኩ።»

«ነበርኩ? አሁንስ?»

«አሁንማ ተሸኝቻለሁ። ራሴን ችያለሁ።» ይህን ስትል ድምጿ በጥም ሰልሏል።

«እሰይ፣ ጎሽ! ዋስሽስ ማነው?»

«ዋስ ምንድን ነው?»

አያ ከርከሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። ዋስን የማያውቅ አለ እንዴ? ግን የተጠየቀውን ሳይመልስ የሚያልፍ ስላልሆነ አስረዳት። «ገብተሽ ምንጩን ብታደፈርሺው፣ ጭቃውን ወርዶ የሚያወጣልን ነው። ለዚች ጥንቸል አባቷ ዋስ ነው። ለዚያ ጥጃ ጎሽ መንጋው ዋስ ነው። ውሃው አንድ፣ ጠጪው ብዙ፤ ያለ ዋስ አይጠጣም። ዋስ የሆነም ቤቱን ይከፍትልሻል፣ ከእሱ ጋ ታድሪያለሽ። ሕጉ ይኼው ነው።»

«እመት አህያ ትሆነኛለቻ!»

«ሸኝታሽ የለም? ‹ነበር› ዋስ አይሆንም፣ ልጄ። ዞር በይ፣ ተራ አትያዢ።»

ትርፌ ግን ዞር አላለችም። «እርስዎ ሲወለዱ ዋስ ማን ሆነዎት?»

«እናቴ ነቻ!»

«እናት የሌለውስ?»

«እሱን… እሱን ሕጉ አይናገርም» አለ አያ ከርከሮ፤ ፊቱንም ወደ ተሰላፊዎቹ አዞረ።

ትርፌ እግሯን እየጎተተች ወደ ቁጥቋጦው ሄደች። የውሃው ድምፅ ከኋላዋ ይንቆረቆራል። «ወደ እምዬ ልመለስ ይሆን?» አለች ለራሷ።

«ውይ፣ የኔ ቆንጆ! ማን አስከፋብኝ ይችን ልጅ?» አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ። እመት ቀበሮ ነበረች፤ ጅራቷን እንደ ነጠላ አጣፍታ ከቁጥቋጦው ጥላ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች። «ወደ በረት ልትመለሺ? በእሾሁ ላይ ዘለሽ? ‹ምስኪን፣ አቃታት› ሊሉሽ? ለመሆኑ ውቤ ተመለሰ?»

ትርፌ ዘወር አለች። «ውቤን ያውቁታል?»

«ወይ አለማወቅ! ዋስ ያገኘሁለት ማን ሆነና!»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ዋሱ ጋ ነዋ» አለች እመት ቀበሮ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር።

ይህ ትርፌን ደስ አሰኛት። ውቤ ዋስ ካገኘ እሷ የማታገኝበት ምክንያት ምንድን ነው? ተከተለቻት። እመት ቀበሮም ወሰደቻትና ከአያ ጅቦ ዋሻ ደጅ አቆመቻት። አያ ጅቦ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። አንድ ዓይኑን ገለጠና ትርፌን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ስንት ትመዝናለች?» አለ።

እመት ቀበሮ ሳል ሳል አደረጋት። «ማለታቸው… ዋስ የሚሆን የሚሆንላትን ማወቅ አለበት ነው የሚሉት።»

«አዎ» አለ አያ ጅቦ። «ማወቅ አለብኝ። እስቲ ዞር በይ፣ ታፋሽን ልወቀው።»

ትርፌ እንድትዞር ስትጠየቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የግራ ጆሮዋ እጥፍ አለች። «ውቤስ የታለ?»

«ሥራ ሄዷል» አለች እመት ቀበሮ ፈጥና።

«ሥራ ምን ይሠራል?»

«ልጅ ሆይ፣ ውሃ ጠምቶሻል ወይስ ወሬ?» ብላ እመት ቀበሮ አፏን ወደ አያ ጅቦ ጆሮ አስጠጋች። የምታንሾካሹከውን ትርፌ አልሰማችም፤ እናንተ ግን ስሙ። «አሁን ቢነኳት ትፈተለካለች፤ እርስዎ ሚዳቋን ሮጠው የያዙ ዕለት እኔ ንግሥት ነኝ። ምንጩ ዘንድ ሄደው ‹ዋስ ነኝ› ብቻ ይበሉ። እዚያ ጥርስ ማውጣት ክልክል ነው። ስትጠጣ ትከብዳለች፤ ስትከብድ ትተኛለች፤ የምትተኛው ደግሞ በሕጉ ከዋሷ ቤት ነው። አጥንቱን አይርሱኝ።»

«ዋስ ነኝ፣ ዋስ ነኝ፣ ዋስ ነኝ» እያለ አያ ጅቦ እንዳይረሳው በቃሉ እያጠና ተነሣ።

ትርፌም ጥሙ አሸንፏት ራቅ ብላ ተከተለቻቸው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱም ምንጩ ዘንድ ደረሱ። አያ ጅቦ ራሱ ዋስ አልነበረውም፤ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? ተሰላፊው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት።

«ዋስ ተገኘ?» አለ አያ ከርከሮ።

«ተገኘ! አያ ጅቦ ናቸው» አለች እመት ቀበሮ።

«ዋስ ነኝ» አለ አያ ጅቦ ያጠናውን። ኩራት ተሰማው።

አያ ከርከሮ ደስ አላለውም፤ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ግን ሕጉ ሕግ ነው። «ዋስ ነኝ ያለ ዋስ ነው። ጠጪ» አላት።

ውሃው ከትርፌ አፍንጫ ሥር ነው። ይሸታታል፤ ቅዝቃዜው ፊቷን ይነካታል። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል። አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ከዚያ ሁሉም ያልቃል። አንገቷን ሰበር አደረገችና እንደገና ቀና አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠጪ ነው የተባልሽው!» አለች እመት ቀበሮ።

«አያ ጅቦ፣ ዋስ የሚሆን የሚሆንላትን ማወቅ አለበት ተብሏል። እስቲ ይንገሩኝ፣ እኔ ስፈራ ምን እሆናለሁ?»

አያ ጅቦ ፊቱ በራ። ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ነገር ተጠየቀ! «ይኼማ ቀላል ነው! ስትፈሪ ሥጋሽ ይጠጥራል። ለዚህ እኮ ነው እስክትተኚ ድረስ የማላስፈራራሽ!»

ተሰላፊው ሁሉ ከአያ ጅቦ አንድ እርምጃ ራቀ።

«ኪ ኪ ኪ! አያ ጅቦ ጨዋታ ይወዳሉ!» አለች እመት ቀበሮ። የሳቀ የለም።

ትርፌ ሌላውን ጥያቄ አወጣችው። «ለውቤም እንዲሁ ነበር ዋስ የሆኑለት?»

«ውቤ? ያ አንገተ ቀጭኑ ድኩላ? እሱማ እንዴት ያለ ለስላሳ ልጅ መሰለሽ!» አለና አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ።

ከኋላቸው አንድ ቅል ወድቆ ተሰበረ።

ሁሉም ዞረው አዩ። እመት አህያ ናት። ውሃ የምትቀዳበት ሰዓቷ ነበርና እንደ ሁልጊዜው ልቧ እየደለቀ ወርዳ፣ የመጨረሻውን ቃል ሰምታለች።

«ውቤ?» አለች። «ውቤ የኔን?»

እመት አህያ ሌላውን ቅልም ከጀርባዋ አውርዳ አስቀመጠችና ወደ ፊት መጣች። አራቱም እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። አህያ በጅብ ፊት ቆማ ካልተንቀጠቀጠች ታዲያ መቼ ትንቀጥቀጥ? እየተንቀጠቀጠች መጣችና በትርፌና በአያ ጅቦ መካከል ቆመች።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለች።

እመት ቀበሮ ሳቀች። «ኧረ እመት አህያ! ‹የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም› ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የተተረተው ስለ ባል ነው። ስለ እናት ማን ተረተ?»

አያ ከርከሮ በመካከል ገባ። «እመት አህያ፣ ልብሽን አውቃለሁ። ግን ልጅቱን ሸኝተሻታል። ሕጉ…»

«ሕጉ ገደል ይግባ!»

አህያ ስትቆጣ አይታችሁ አታውቁም። እነሱም አይተው አያውቁም ነበር። ጎሹ እንኳ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሸኘኋት እንጂ መቼ ጣልኳት?» አለች እመት አህያ። «ውቤንም ሸኘሁት። አልተመለሰም፤ እኔም ‹ተመችቶታል› እያልኩ ተኛሁ። በየቀኑ በዚህ ጅብ ዋሻ በኩል ውሃ ጭኜ ሳልፍ እዚያው ነበር ልጄ! አንድ ቀን ‹የት ደረስክ?› ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት? ዝምታውን ምስጋና መሰለኝ።»

አያ ከርከሮ አንገቱን ደፋ። «የዚያን ዕለትም ‹ዋስ ነኝ› ያለው እሱ ነበር» አለ በዝግታ። «እኔም ‹ጠጣ› ብዬ አሳለፍኩት። ምንም አልጠየቅኩም።» ከዚያ ቀና አለ። «ጥያቄውን ያመጣችው ልጅቱ ናት፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአንቺም ይቅረብልሽ፣ እመት አህያ። ይህች ልጅ ስትፈራ ምን ትሆናለች?»

እመት አህያ አላሰበችም።

«የግራ ጆሮዋ ትታጠፋለች። ከዚያ ትጠይቃለች። እናንተ ‹ጠያቂ ናት፣ ደፋር ናት› ትሏታላችሁ፤ እኔ አሳዳጊዋ አውቃታለሁ፤ ስትፈራ ነው ጥያቄ የሚበዛባት። የተሸኘች ዕለት ከደጄ ቆማ፣ ጆሮዋ እንደታጠፈ፣ ያን ሁሉ ጠየቀችኝ። እያየሁ ‹ትደርሺበታለሽ› ብዬ እሾህ ዘጋሁባት።» አለቀሰች።

ሁሉም የትርፌን ግራ ጆሮ አዩ። እጥፍ ብላለች። ትርፌ ራሷ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን አታውቅም ነበር። «እምዬ» አለች፣ «ለአያ ከርከሮ ‹የእመት አህያ ነበርኩ› አልኳቸው እኮ።»

«‹ነበርኩ› አትበይ። ነሽ።»

ያን ጊዜ ጆሮዋ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ዋስ ማለት እንዲህ ነው» አለ አያ ከርከሮ። ወደ አያ ጅቦም ዞሮ የቆለመሙ ጥርሶቹን አሳየው። «አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ለዝንብ እንኳ ዋስ አትሆንም። ከፊቴ ጥፋ!»

«ምን አጠፋሁ? የተጠየቅኩትን አይደል የመለስኩት?» አለ አያ ጅቦ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። እመት ቀበሮን ቢፈልጋት ጅራቷን ሰብስባ ገደሉን እየወጣች ነው። ሲያያት ሆዱ ጮኸ። «እመት ቀበሮ!» አላት እየተከተላት፣ «አንቺስ ስትፈሪ ሥጋሽ ይጠጥራል?» እመት ቀበሮ መልሱን ለመንገር አልቆመችም።

«በይ ጠጪ፣ ልጄ» አለ አያ ከርከሮ።

ትርፌ ያን ሁሉ ቀን፣ ያን ሁሉ ኅዳር የጠማትን አስባ፣ አጎንብሶ መጠጣት የሚባለውን ረስታ፣ ዘላ ውሃው መሐል ገባች። ቦጭረቅ! ጥርት ያለው ምንጭ በአንድ ጊዜ ጭቃ ሆነ። ተሰላፊው ሁሉ «ኧረ ጉድ!» ብሎ ጮኸ። ትርፌ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ ጆሮዋ እንደገና ልትታጠፍ ስትል እመት አህያን አየቻት።

እመት አህያ ወርዳ ውሃው ውስጥ ገባችና ጭቃውን በኮቴዋ መዛቅ ጀመረች። ትርፌም አጠገቧ ሆና ዛቀች። ትንሽ ቆይቶ አያ ከርከሮ በጥርሱ ሊያግዛቸው ወረደ፤ ጎሹም ወረደ፤ ውሃው ሲጠራ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ያን ዕለት እመት አህያ በጅብ ዋሻ በኩል ስታልፍ ግራና ቀኟ አጃቢ ነበር፤ ልቧ አልደለቀም።

ለውቤ ግን አልደረሰችለትም። ይህንን እስክትሞት አልረሳችውም።

በማግስቱ የበረቱን የግራር እሾህ በአፏ ጎትታ ገደል ከተተችው። አያ አንበሶ «የአባቶች ወግ እኮ ነው!» ቢላት «አባቶች ይምጡና ይውቀሱኝ» አለችው። ከዚያ ወዲያ የአደራ ልጆች ሁሉ እግራቸው እንደጠና ከኋላዋ እየተከተሉ፣ ትንንሽ ቅላቸውን አንጠልጥለው፣ ታላላቆቹ እያጀቧቸው ወደ ምንጩ ይወርዱ ጀመር። ትርፌ ከሾላው ማዶ ቁጥቋጦ ሥር ቤት ሠርታ ተቀመጠች፤ ሲከፋትም ሲደላትም እምዬ ዘንድ ጎራ ትላለች። አንዳንድ ቀን እምዬ ራሷ «እንዴት ነሽ?» ልትል ትመጣለች።

ዓመት ዞሮ መስከረም ጠባ፤ አንዲት የጥንቸል ልጅ ተሸኘች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጋቸው «ራስሽን ቻይ!» አሏት፤ ምርቃቱ ዘነበ። ጥንቸሊቱም በጋው ሲገባ ምንጩ ዘንድ መጥታ ተሰለፈች።

«ዋስሽ ማነው?» አለ አያ ከርከሮ።

«እኔ ነኝ» አለች ትርፌ ከሾላው ሥር ብቅ ብላ።

«ስትፈራ ምን ትሆናለች?»

ትርፌ ጥንቸሊቱን አየቻት፤ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፣ ጢሟ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ዝም ትላለች» አለች ትርፌ። «እሷ ዝም ስትል እኔ ነኝ የምጠይቅላት።»

ከዚህ የምንማረው፣ አሳድጎ መርቆ መሸኘት ግማሽ መንገድ እንደሆነና፣ የሸኘነው ልጅ ተመልሶ ደጃችንን ባይመታም «ተመችቶት ነው» ብለን ከመተኛት ይልቅ፣ ዋስ ሆነን፣ ሄደን «እንዴት ነሽ?» ማለት እንደሚገባን ነው።